ጓደኛዋ ቡና ታፈላለች

በአሜሪካ የትንሽ ከተማ የፍቅር ልቦለዶች ውስጥ ልጅቱ ወደ ትውልድ ከተማዋ የምትመለሰው ከሥራ ስትባረር፣ እጮኛዋ ሲከዳት ወይም አያቷ ስትሞት ነው። ደራሲዋ ጨከን ያለች እንደሆነ ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ታወርድባታለች። ልጅቱ ሻንጣዋን መኪናዋ ላይ ጭና ከትልቁ ከተማ ትወጣና ጀንበር ሳትጠልቅ ትንሿ ከተማ ትደርሳለች። ዳቦ ቤቱ እዚያው ነው። መጻሕፍት ቤቱ እዚያው ነው። የመጀመሪያ ፍቅረኛዋም እዚያው ነው፤ አጥር ሲጠግን ወይም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምስማር ሲመታ ታገኘዋለች። አላገባም። አግብቶ ከነበረም ተፋቷል፤ ካልተፋታም ሚስቱ አንዲት አፈ ጮሌ ልጅ ትታለት ሞታለች።

አትሳቁ፤ እኔ እወዳቸዋለሁ። የክረምቱ ዝናብ ጎንደርን ሲይዛት፣ መብራት ጠፍቶ ልጆቹ ሲተኙ፣ ስልኬን ይዤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የማነበው እነሱን ነው። የምትልክልኝ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን፣ ዛሬ አሜሪካ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ናት። አዛውንቶቹ ሲያንቀላፉ ታነባለች፤ የወደደችውን ትልክልኛለች። እሷ ከሄደችበት፣ እኔ ከቀረሁበት ሆነን አንድ ታሪክ እናነባለን፤ የምንጨቃጨቀውም በዚሁ ነው።

መጨረሻውን ከመጀመሪያው ገጽ ማወቅ ንባቡን ያበላሻል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ዘውጉ ከአንባቢው ጋር የገባው ውል ራሱ ይህ ነው። የአሜሪካ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ባስቀመጠው ትርጉም አንድ መጽሐፍ በዚህ ስም እንዲጠራ የታሪኩ እምብርት ፍቅር መሆን አለበት፣ ፍጻሜውም ልብ የሚያሳርፍና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። በዚህ ውል ላይ ትልቅ ንግድ ቆሟል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ሚልስ ኤንድ ቡን፣ በ1949 ካናዳ ውስጥ የተቋቋመው ሃርለኩዊን ስማቸውን የተከሉት በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው። አንባቢዋ እንደሚጋቡ እያወቀች ገንዘቧን የምታወጣው እንዴት እንደሚጋቡ ለማየት ነው።

እኛ ያደግነው በሌላ ውል ነው። እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰማች ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ከርዕሱ ጀምሮ ማንንም አላታለለም፤ በዛብህ ይሞታል፣ ሰብለ ወንጌል ትመነኩሳለች። እናቴ ይህን አሳምራ እያወቀች ትሰማዋለች፣ እያወቀች ታለቅሳለች። ለካስ እሷም መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ነበር የምትወደው፤ የእኛ ሰው ግን ራዲዮኑ ፊት የሚቀመጠው መሐረቡን አዘጋጅቶ ነው።

ወደ አገር የመመለስ ታሪክም የራሳችን አለን። በ1941 ዓ.ም. የወጣው የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ታሪክ ነው። አርአያ የሚመለሰው አገሩን ሊያገለግል ነው። ትከሻው ላይ ዕዳ አለ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕቅድ አለ። ለማረፍ ብቻ የሚመለስ ሰው በእኛ መጻሕፍት ብዙም አልገጠመኝም፤ ደክሟት ብቻ የምትመለስ ሴትማ ጭራሽ።

እንግዲህ የእነሱ ልቦለድ መጀመሪያ የማረከኝ በዚህ ነው። አንዲት ሴት የሚበቃትን ያህል ደክሟት ወደ እናቷ ከተማ ትመለሳለች፤ ማንም «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አይላትም። እዚህ ከዚህ ጥያቄ የሚያመልጥ ተመላሽ የለም። አፍ ባይጠይቅ ዓይን ይጠይቃል፤ ከሻንጣው ብዛት፣ ከጫማው፣ ለጎረቤት ከሚታደለው ሽቶ መልሱን ያገኛል። ከዓረብ አገር እጇን አጣጥፋ የተመለሰች ልጅ ቀን ከቤት መውጣት የምትጠላው ለዚህ ነው። ልቦለዱ ይህን ሸክም ከጀግናዋ ላይ ያነሳላታል። ጓደኛዬም አጥብቃ የምትወዳቸው በዚህ ይመስለኛል፤ በስልክ እንዲህ ብለን አውርተን ግን አናውቅም።

ባለፈው ክረምት ያነበብነውን አንዱን ለጎረቤቶቼ ተርኬላቸዋለሁ። የግቢያችን ታላቅ እማማ ቤት ነበርን። ቡናው ገና እየተቆላ ልጅቱን ከተማ አስገባሁ፤ እየተወቀጠ ሰውየውን ጣሪያ ላይ አወጣሁ፤ አቦሉ ሲቀዳ ሁለቱን ዝናብ ላይ አገናኘሁ። እማማ ሲኒውን ሲያቀብሉኝ ጠየቁ።

«የማን ልጅ ነው?»

«እዚያው ከተማ ያደገ ነው፣ እማማ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። አባቱ ማን ነው? አያቱስ?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«ታዲያ እንደማይዛመዱ በምን ታወቀ?»

ስለዚህ ዘውግ ከሰማሁት ሂስ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። የእነሱ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፤ ነገር ግን ማንም የማንም ዘመድ አይደለም። እዚህ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ። በአንድ ደብር ዙሪያ ለትውልዶች የኖሩ ቤተሰቦች ባሉበት አሮጌ ሠፈር ደግሞ ግማሹ ወጣት ለሌላው ግማሽ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ቁጭ ይላል። በበአታም ሆነ በአበራ ጊዮርጊስ አካባቢ የመጀመሪያ ፍቅር የሚፈርሰው በክህደት ወይም በሥራ ዝውውር ብቻ አይደለም። አንዲት አክስት በጣቷ እየቆጠረች «የአባቷ እናት ከእናቱ አባት ጋር እኮ…» ስትል ይፈርሳል። ይህን የመሰለ እንቅፋት ያገኘ ደራሲ ምን ያደርግበት ነበር! አሜሪካዊቷ ደራሲ ምስኪን ሁለቱን ለማለያየት አምስት መቶ ገጽ ሙሉ ያልደረሰ ደብዳቤና በግማሽ የተሰማ ንግግር ስትፈልግ ትደክማለች።

ሌላዋ ጎረቤቴን ያልተዋጠላት ቤቱ ነው። «ብቻዋን ወረሰች? አክስት አጎት የላትም?» አለች። በልቦለዱ ጠበቃው ፖስታ ይሰጣታል፤ ፖስታው ውስጥ ቁልፍ አለ፤ አለቀ። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆችን እኩል ወራሽ አድርጓል፤ ኑዛዜ ከሌለ አያት ስትሞት ቤቱ የልጆቿ ሁሉ ነው፤ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለም ልጆቹ በእሱ ቦታ ይገባሉ። ከዚያ ፍርድ ቤት ተኬዶ የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል፣ ካናዳ ያለው ውክልና ይልካል፣ አንዷ ተኳርፋለች፣ አንዱ ይሸጥ ሌላው አይሸጥም ይላል።

ይህ ሁሉ ቤቱ የአያት ከሆነ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ለመንግሥት ከተወረሰ ወዲህ በመሃል ከተማ አሮጌ ሠፈሮች ስንቱ ሰው የወለደው፣ ልጅ የዳረው፣ ያረጀውም በቀበሌ ቤት ነው። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ነበር የገቡት። ቤተሰቡ ዕድሜውን ሙሉ «የአያቴ ቤት» ይለዋል፤ አያት የምታወርሰው ግን የኪራይ ደረሰኝ ነው። የልቦለዷ ልጅ ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀብታ፣ ሳሎኑን ኬክ መሸጫ አድርጋ፣ በምዕራፍ ዐሥራ አምስት ሪባን ስትቆርጥ ጎረቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ፈቃዱን ማን ሰጣት?»

ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት፣ «የፍቅር ታሪክ ላክሁልሽ እንጂ የቤቶች አስተዳደር መመሪያ አልላክሁልሽም» አለች።

«ሁለቱ የሚለያዩት አንቺ ካለሽበት ነው» አልኳት።

በአንድ ነገር ግን እነዚህ ደራሲዎች ጎንደርን ቢያዩ ይቀኑባት ነበር። መጽሐፎቻቸው ውስጥ ሁልጊዜ በዓል አለ፤ የበልግ ገበያ፣ የዱባ ውድድር፣ የገና መብራት። ከተማው ሁሉ አደባባይ ይወጣል፣ ሁለቱ እዚያ ይገናኛሉ። ለታሪኩ ሲባል የተፈለሰፈ በዓል መሆኑ ያስታውቃል። እኛ መፈልሰፍ አያስፈልገንም። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው፣ ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ወደተሞላው የአፄ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። በጥር 11 ንጋት ውኃው ሲባረክ ወጣቱ ከግንቡ ላይ እየዘለለ ይገባል። ጥር 12 ደግሞ ሚካኤል አለ። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2019 እንደ እነሱ አቆጣጠር መዝግቦታል፤ ለእኛ ሴቶች ግን መዝገቡ ከዚያ በፊት የነበረ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለሃይማኖት ብቻ አይደለም። ሎሚ የተወረወረው፣ ልጅ የታጨው፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ የመጣው ወንድ በእናቱ ዓይን እየተመራ ሚስት የመረጠው እዚያ ነው። ጥር ራሱ የሠርግ ወር መሆኑ ነገሩን ያቀለዋል፤ ጾሙ ሳይገባ ማለቅ አለበት።

ሁለቱ በሕዝብ ፊት ይሳሳማሉ ማለት ግን አይደለም። ከታቦቱ ኋላ በሚተመው ሕዝብ መካከል አንድ ወጣት ጥልፍ ቀሚስ ከለበሰች ሹሩባ ከተሠራች ልጅ አጠገብ ለመድረስ በትንሹ ሁለት አክስትና አንድ ታናሽ ወንድም ማለፍ አለበት። ሲደርስም የሚለው «እንኳን አደረሰሽ» ብቻ ነው። እሷም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትላለች። በዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገር የተጀመረ ትዳር አውቃለሁ፤ ዛሬም አለ።

ጓደኛዬ በ2017 ዓ.ም. ለጥምቀት መጥታ ነበር። በመኪና ጀንበር ስትጠልቅ መግባት የሚባል ነገር የለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ባለው ጦርነት ምክንያት ከአዲስ አበባ ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለብዙ ሰው ከሐሳብ ወጥቷል፤ አዘዞ በአውሮፕላን ወርዳ ተቀበልኳት። ገና ከተማ ሳንደርስ ዓይኗ መፈለግ ጀመረ። የተማሪነት ጊዜያችንን የፈጀንበት ፒያሳ ያለ ጭማቂ ቤት የለም። ጎዳናው ለኮሪደር ልማት ተቆፍሯል። የፋሲል ግቢ ግንብ እየታደሰ ስለነበር ብረትና ጣውላ ተደግፎበታል። «ምን አደረጋችሁት?» አለችኝ፤ እኔ ፈቅጄ የሆነ ይመስል። ስትሄድ የተወችው ከተማ እንደ ሠርግ ቀሚስ ናፍታሊን ተደርጎበት ሣጥን ውስጥ ይቆያታል ብላ ነበር። ተኳርፈን ሁለት ጎዳና ያህል ዝም ብለን ሄድን።

የተጣላነው በልቦለዱ ምክንያት እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው። እነዚያ መጻሕፍት የተጻፉት ለሄደ ሰው ነው። የሄደ ሰው ትልቁ ስጋት ዞሮ ሲመጣ የሚያውቀው ነገር አለመኖሩ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ «አለ፣ ሁሉም እንደተውሽው አለ፣ ሰውየውም አለ» ይለዋል። የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይህን ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ እኔም ይገባኛል። ግን እንደተተወ እንዲቆይ ያደረገው ማን ነው?

በእያንዳንዱ ልቦለድ ውስጥ ከከተማዋ ያልወጣች አንዲት ጓደኛ አለች። ልጅቱ ስትደርስ በር ትከፍታለች፣ ቡና ታፈላለች፣ የዓመታቱን ወሬ በሁለት ገጽ ትጨርሳለች፣ «እሱ እኮ ዛሬም አልረሳሽም» ትላለች። ከዚያ ልጆቿ ይጠሯትና ከምዕራፉ ትወጣለች። ስትቆጣ አናያትም፤ የራሷ ጉዳይ የላትም። ቀልደኛ ናት፤ ሁልጊዜ ቀልደኛ ናት። መልሳችሁ አንብቡ፤ አያት ከሞተች ወራት አልፈዋል፣ ሆኖም ልጅቱ ስትገባ ቁልፉ ከአበባ ማሰሮው ሥር ነው፣ ውኃው አልተቆረጠም፣ ጓሮው ዳዋ አልበላውም። ሒሳቡን ማን ከፈለ? ጓሮውን ማን አጠጣ? ደራሲዋ አትነግረንም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

የጓደኛዬ እናት ቤት ቁልፍ ከእኔው የቤት ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ላይ ነው ያለው። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ የእነሱ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ ክሩ ሲቆሽሽ እቀይረዋለሁ። እናቷ ሲታመሙ ሆስፒታል ያደርኩት እኔ ነኝ። ሲያርፉ ጓደኛዬ የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ መምጣት አልቻለችም፤ ድንኳን ተተክሎ ሦስቱን ቀን ለቀስተኛ ስቀበል ሰው እኔን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኝ ነበር። የእድሩ መዝገብ ላይ ዛሬም የእነሱ ቤት ስም አለ። መዋጮው በየወሩ ስለሚከፈል ነው ያለው፤ ካልተከፈለ ይሰረዛል፣ ነገ ከዚያ ቤት ሰው ቢሞት ድንኳንም ወንበርም ድስትም አይወጣም። ከፋዩዋ እኔ ነኝ። ገንዘቡን የምትልከው እሷ ናት፤ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ስንቴ እንደደጎመችም እኔ አውቃለሁ፤ ማን ለማን ባለውለታ እንደሆነ ተቆጥሮ አያልቅም። የምለው ይህ ሁሉ ሥራ ታሪክ መሆኑን ነው። ሰው ይወደድበታል፣ ይኮረፍበታል፣ ይታረቅበታል። ጣሪያ ላይ ከሚመታው ምስማር በምን ያንሳል?

ጓደኛዬ ለዚህ መልስ አላት። «ተከታታይ እኮ ነው» ትላለች፤ «የሁለተኛው መጽሐፍ ባለታሪክ ጓደኛዋ ናት።» እውነት አላት። እነዚህ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን አይወጡም። በመጀመሪያው ዳር ላይ የነበረው ወንድም፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ የከተማው ፖሊስ በየተራ መሃል ይመጣሉ፤ አንዱ ከተማ ዐሥር መጽሐፍ ሊመግብ ይችላል። ነገር ግን ተራው የሚደርሰው ላላገባ ብቻ ነው። እኔ አግብቻለሁ፤ ባለቤቴ ደህና ሰው ነው፤ ማታ ራቱን በልቶ ዜና ያያል። ለዚህ ዘውግ ያገባ ሰው ሥራው ያለቀ ሰው ነው። ባሌን ገድዬ መበለት ካልሆንኩ በቀር ከቡናው ጀበና የምነሳበት መንገድ የለም። ይህንኑ ነግሬው «እስቲ ዜናው ይለቅ» ብሎኛል።

እኔ ብጽፈው ልጅቱ የምትደርሰው በምዕራፍ አምስት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች የጓደኛዋ ናቸው። አንደኛው ፍርድ ቤት ወረፋ ላይ ይጀምራል። በሁለተኛው የልጅቱ አክስት ቁልፉን አምጪ ብላ ትመጣለች፣ ጓደኛዋ አልሰጥም ትላለች፣ ሠፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ሦስተኛው ላይ የድሮው ፍቅረኛ ሊዳር ነው፤ ጓደኛዋ ሠርጉ ላይ ወጥ ቤት ሆና ድስት ስታማስል ለልጅቱ በስልክ ልንገራት ወይስ ልተው ትላለች። ምዕራፍ አራት ዘር ቆጠራ ነው፤ እሱን እማማ ይጽፉልኛል። ልጅቱ በአምስተኛው መጥታ «ምን አደረጋችሁት?» ስትል አንባቢው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጣው በእሷ ላይ ይሆናል። ፍጻሜው ያው ልብ የሚያሳርፍ ነው፤ ውሉን አላፈርስም። የሚታረቁት ግን ሁለቱ ሴቶች ናቸው።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ በስልክ ነገርኳት። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ሰውየውን ለሌላ ዳርሽው ማለት ነው?» አለች።

«ዳርሁት።»

«እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማን ይገዛዋል?»

«አንቺ ትገዥዋለሽ። ገዝተሽም ትልኪልኛለሽ።»

ሳቀች፤ አልካደችም። ከዚያ የእድሩን ጠየቀችኝ። የወሩ መዋጮ እንደተጨመረ ስነግራት ከአሜሪካ እስከ ጎንደር የሚሰማ ጩኸት ጮኸች፣ «ደግሞ ጨመረ?»